እጣ ይውጣ ያልኩ ቀን

የትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት በትምህርቴ አይደለም። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲታደል ሰልፍ የጣሰውን በኮሌታው ይዤ ወደ ኋላ ስለምመልስ፣ «እሷ ማንንም አትፈራም» ተብዬ ተመረጥኩ። የመረጡኝ ሰዎች እነሱንም እንደማልፈራ የገባቸው ቆይቶ ነው።

ፊደል ያስቆጠረችኝ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የልጄ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ጠዋት ልጄን፣ ከሰዓት በኋላ እኔን ታስተምር ነበር። በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ግን ስላስተማረችኝ «እርስዎ» እላታለሁ። እሷም ዕድሜዬን አክብራ «እርስዎ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ከላይ ደብዳቤ መጣ። ከትምህርት ቤታችን አንድ መምህር ለሦስት ወር ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ፣ የዚያ አገር ልጆች እንዴት እንደሚማሩ አይቶ ይመለስ ይላል። መምህርቷ ወሬውን እንደሰማች ልቧ ተንጠለጠለ።

«ሰማንያ ሦስት ልጅ በአንድ ክፍል ይዤ፣ የኋለኞቹ ይስሙኝ አይስሙኝ ሳላውቅ ዓመቱ ያልቃል» አለችኝ። «ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያደርገው አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ባይ! ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷው ነበረች። ዳይሬክተሩ ግን ስሙን አስቀድሞ ጨርሶት ነው የመጣው፤ የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ ይሄዳል። ሰውየው በሳምንት ሁለቴ ስድስተኛ ክፍል ገብቶ ይወጣል፤ በቀረው ጊዜ ስብሰባ ይመራል።

«እንግዲህ ጓዶች፣ በጭብጨባ እናጽድቅ!»

ያኔ ነገር የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ጓዲት፣ ምነው አላጨበጨቡም?»

«ላልገባኝ ነገር አላጨበጭብም። እሳቸው ስንት ልጅ ያስተምራሉ?»

አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ሱቅ የወሎ ሰው ነው። «ወላሂ፣ ጥያቄ ማለት ይቺ ናት» አለ፣ ቀስ ብሎ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ።

«ሰማንያ ሦስት የያዙት መምህርትስ ለምን አይሄዱም?» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ መምህርቷ ዞረ። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እንግዲህ... ይህም ይታያል» አለ። እሷ ብዕሯን ይዛ ቀና አለች።

እዚያ ላይ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። ግን ፍርድ የሚሉት በሽታዬ ተነሣብኝ። ላስተማረችኝ አደላሁ እንዳልባል ብዬ፣ «የሁሉም መምህራን ስም ይጻፍና እጣ ይውጣ! ብርድ ልብስ እንኳ የምንካፈለው በእጣ ነው!» አልኩ።

የዳይሬክተሩ ፊት በራ። «ይህ ፍትሐዊ ሐሳብ ነው! በጭብጨባ!» ተጨበጨበ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ስሞቹ ተጽፈው፣ ተጠቅልለው የዳይሬክተሩ ቆብ ውስጥ ገቡ። «ፍርድ የሚወዱት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ያውጡ» አሉኝ። አወጣሁ። ማንበብ መቻሌንም ለማሳየት ለማንም አልሰጠሁም፤ ራሴ አንድ በአንድ ቆጥሬ አነበብኩ። የፖለቲካ መምህሩ ስም ነበር። ፊደሉን ላስተማረችኝ ሴት፣ በዚያው ፊደል የሌላ ሰው ስም አነበብኩላት። እሷም በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቷ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረችው።

በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አንቺ!» አለችኝ፤ እንደዚያ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ሰማንያ ሦስት ልጅ የያዘውንና ምንም ያልያዘውን አንድ ቆብ ውስጥ ከተትሽን። ፍርድሽ ይሄ ነው?»



የፖለቲካ መምህሩ ሄዶ፣ እዚያ የገዛውን የቆዳ ጃኬት ለብሶ ተመልሶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሪፖርት አቀረበ። ዋናው ነገር፣ እዚያ አገር እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የካፖርት መስቀያ አለው። ወዲያው ቦሌ ሚካኤል ያለ አናጢ ተጠርቶ፣ አንደኛ ክፍል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ሰማንያ ሦስት መስቀያ መታ። ካፖርት ያለው ልጅ ግን አንድም አልነበረም። ሹራብ ያለውም ቢሆን ለብሶት ይውላል እንጂ ለግድግዳ አያለብስም።

መስቀያዎቹ አንድ ወር ሙሉ ባዷቸውን ቆዩ። ከዚያ መምህርቷ የጫማ ካርቶን ቆርጣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጻፈችበት። ልጁ ጠዋት ሲገባ ስሙን ፈልጎ ይሰቅላል፤ ያልተሰቀለ ቀርቷል ማለት ነው። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይበላ የነበረው ስም መጥራት ቀረ። ልጆቹም የራሳቸውን አልፈው የጓደኞቻቸውን ስም ማንበብ ጀመሩ።

ከላይ ጎብኚዎች መጡና ይህን አይተው ተገረሙ። የፖለቲካ መምህሩም «ከምሥራቅ ጀርመን የተቀሰመ ልምድ ነው» አላቸው። ተጨበጨበ። ደስ ስላላቸው ሁለተኛ ሰው እንድንልክ ፈቀዱ።

ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። እኔ ዳግም ነገር ላላበላሽ ምዬ ገባሁ። ግድግዳው ሁሉ የእሷን ሥራ ሲናገር የኔ አፍ ለምን ያስፈልጋል? ባለ ሱቁ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በዚህኛው ዙር ኃላፊነቱ ከባድ ስለሆነ፣ እኔው ራሴ እሄዳለሁ።»

በጭብጨባ ጸደቀ። በመጀመሪያው ብዙ ተናግሬ፣ በሁለተኛው ዝም ብዬ፣ ሁለቴም ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

አሁን ሁለታችንም አርጅተን ሳሊተ ምሕረት አንድ ማኅበር እንጠጣለን። ድፎ ዳቦው ተቆርሶ አንድ ቁራሽ ሲተርፍና ለማን ይሰጥ ሲባል፣ ከወዲያ ማዶ ሆና «እሷን ጠይቋት፣ እጣ ይውጣ ትላችኋለች» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ።

እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ቁራሹን አንስቼ እሷ ፊት አስቀምጣለሁ።

«ኧረ ይሄ አድልዎ ነው!» ትላለች አንዷ።

«አዎ፣ ነው» እላለሁ።