ሦስት ገበያ የሚያስደግሙት አያቴ

የሰፈሩ ልጆች «ስለ አያትሽ ንገሪን» ብለው ያዙኝ።

አያቴ አንኮበር ላይ ደገኛና ቆለኛን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። ልለይ ያለን ሰው፣ ባልም ይሁን ወንድም፣ አይከለክሉም ነበር፤ ቃሉን በሦስት ተከታታይ የገበያ ቀን ሦስቴ ያስደግሙታል እንጂ።

በጣሊያን ጊዜ አዲሱ ሹም ቆለኞቹን «ከደገኛው ተለይታችሁ በራሳችሁ መተዳደር ትችላላችሁ» አላቸው። አንዱ ቆለኛ ነጋዴ በገበያ ቀን እየተንደረደረ አያቴ ዘንድ መጥቶ «አባባ፣ መብታችን ነው፤ እንለያለን!» አለ።

«መብትህ ነው ልጄ። በሚመጣው ገበያ ድገምልኝ።»

«አሁን አልኩ እኮ!»

«አሁን ተቆጥተሃል።»

በሁለተኛው ገበያ ደገመ። በሦስተኛው ግን በርበሬውን በገብስ ለውጦ፣ ነገሩን ሳያነሳ «ደህና ይዋሉ» ብሎ ወረደ።

አያቴ ለሽምግልና ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ዛሬ ባዶ ነው፤ የሚያስደግም የለም። እሳቸው ራሳቸው በአንድ ጠዋት ቁጣ መዘዞ በሚባለው አገር ካሉት ወንድሞቻቸው ተለይተው እንደወጡ፣ «ድገም» ያላቸውም ሰው እንዳልነበረ የሰማሁት፣ ከሞቱ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።