እጇን የዘረጋች በር

አርብ ገበያ በምትባል ከተማ የሚኖር ሰው ወይ አናጢው ጓዴ በሠራው ወንበር ይቀመጣል፣ ወይ ጓዴ በሠራው አልጋ ይተኛል፤ ቀኑ ሲደርስም ጓዴ በሠራው ሣጥን ይሸኛል። ይህን ሁሉ ሙያ ያስተማረው ሰው የለም። ጓዴ የተወለደው ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ፊደል የቆጠረው ቤተ ልሔም ገዳም፣ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ሲሆን ዳዊት ሳይደግም ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ንባቡንም አናጢነቱንም ራሱን በራሱ አስተማረ። የመድኃኒት ወረቀት ይሁን የዱቄት ከረጢት፣ ጽሕፈት ካለበት ሳያነበው አያልፍም።

አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላው እግዚአብሔር ሌላ የሚነበብ ነገር ላከለት፤ ስልክ። ያመጣለት ደብረ ታቦር የሚኖረው የሚስቱ የሐረገ ወይን ወንድም ነው። ጓዴ ስልኩን የፈለገው ስብከት ሊሰማበት ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብከቱን ሲፈልግ ግን ጣቱ አዳልጦት ሌላ ዓለም ገባ። በዚያ ዓለም ያሉ ሰዎች ከመሰላል መደርደሪያ፣ ከአካፋ መቅረዝ፣ ከበርሜል ሶፋ ይሠራሉ። አንዱ እንዲያውም አፉ ወደ እጀታው የዞረ ማንቆርቆሪያ ሠርቶ ፈገግ ብሎ ያሳያል።

«ይሄ እኮ ቀጂውን ራሱን የሚያቃጥል ነው» አለ ጓዴ። አለና ሦስት ጊዜ መላልሶ አየው።

የሰዎቹን ቋንቋ አይሰማም፤ እጃቸው የሚሠራውን ግን አንድም ሳይቀረው ይረዳል። ይህን ያህል ዘመን ወንበር ማለት አራት እግር፣ አልጋ ማለት አራት ቋሚ ነው ብሎ መኖሩ ገረመው። ማንም አልከለከለውም፤ እሱም ማንንም አልጠየቀም።

የመጀመሪያ ሥራው ከአሮጌ ቀንበር የተሠራ የልብስ መስቀያ ነበር። ግድግዳው ላይ ቸንክሮ የሐረገ ወይንን ነጠላ ሰቀለበት። በሳምንቱ የሐረገ ወይን አባት ከእስቴ ሊጠይቋቸው መጡና ቀና ብለው አዩት።

«በሬዎቹ ሞቱ እንዴ?»

«የለም አባባ፣ በሬም የለን። ይሄ የልብስ መስቀያ ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ሊሄዱ ሲነሡ ነጠላውን አውርደው፣ በደንብ አጥፈው አልጋው ላይ አኖሩት፤ ቀንበሩን ተሸክመው ወደ እስቴ ሄዱ። የእርሻ ወቅት ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ጫማ የተጫማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው። ለሁለቱ እግሮች የራሱን አሮጌ የላስቲክ ጫማ አጠለቀላቸው። ለሦስተኛው ጫማ ቢያጣ ከአጥር ሥር ወድቆ ያገኘውን አንድ እግር አንሥቶ አጫማው። ጎረቤቱ ደምሌ ጫማውን ሁለት ቀን ሲፈልግ ከርሞ በሦስተኛው ቀን ሊጠይቃቸው መጣ፤ በርጩማው ላይም ተቀመጠ። እያወራ ጎንበስ ሲል የገዛ ጫማውን አየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደምሌ ከጓዴ ቤት ሲወጣ እግሩን ሳይቆጥር አይሄድም።

ሐረገ ወይን ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ ቀጥሎ አፈረች። ሴቶቹ ወንዝ ላይ «ባልሽ ዛሬ ደግሞ ምን አጫማ?» ይሏት ጀመር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ነው ካሚል የመጣው።

ካሚል ጨርቅ ነጋዴ ነው። አዲሱ ሱቁ የአህያው ሁሉ መተላለፊያ ላይ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ አቧራው ነጭ አቡጀዲውን አፈር ያስመስለዋል። በሩን እንዳይዘጋው ደግሞ ገበሬው «ዝግ ነው» እያለ ከደጁ ይመለሳል።

«ዝግም ሆኖ ክፍት የሚመስል በር ሥራልኝ» አለ ካሚል፤ እጆቹን እያወናጨፈ። ካሚል ያለ እጁ ማውራት አይችልም። «ሰው ሲያየው ግቡ ግቡ የሚል!»

የጓዴ ልብ ዘለለች። ባለፈው ሳምንት በስልኩ ላይ እጀታው የሰው እጅ የሆነ በር አይቶ ነበር። ገብቶ ለሐረገ ወይን ሲነግራት ጥጥ መፍተሏን ተወችና አየችው።

«ስማኝ ጓዴ። ይሄ የመጨረሻው ነው። ካሚል ያንን እጅ ከበሩ ካስነቀለው ስልኩም ወደ ወንድሜ ይመለሳል፣ አንተም ወደ አልጋና ወንበርህ ትመለሳለህ።»

«ካላስነቀለውስ?»

«ካላስነቀለው አፌን እዘጋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ጓዴ!»

ግራና ቀኝ የሚከፈተውን ባለ ሁለት ተካፋች በር ከዋንዛ፣ እጁን ከወይራ ሠራው። አምስት ቀን ፈጀበት። ጥፍሩን፣ የመዳፉን መስመር፣ በአውራ ጣቱ ሥር ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር አወጣው። በሞረድ ሞርዶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ፣ ቅቤ ቀባው። በየመሐሉ መሮውን ሳያስቀምጥ በሌላው እጁ ይጨብጠውና «እንዴት ዋልክ» ይለዋል። ልክክ ይል ነበር። ሐረገ ወይን ግን አምስቱን ቀን ዞራ አላየችውም።

ዓርብ ገና በማለዳ እጁን አንደኛው ተካፋች ላይ በብሎን አጠበቀው። ካሚል በጓሮ በኩል ስለሚገባ አልነካውም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ብቻ አየና «ማሻአላህ! ሰው የቆመ ነው የሚመስለው!» አለ። ሐረገ ወይንም የስልኩን ነገር በዓይኗ ልታይ መጥታ ከጨው ነጋዴዎቹ አጠገብ ቆመች።

መጀመሪያ የመጣችው ቅቤ የሸጠች ሴት ነበረች። የተዘረጋውን እጅ አይታ ደነገጠች፤ ነገር ግን የተዘረጋ እጅ ዝም አይባልምና «ይቅርታ፣ እጄ ቅቤ ነው» ብላ የክንዷን አንጓ ሰጠችው። እጁ አልጨበጣትም። ካሚል ከውስጥ ከፈተላትና እየሳቀች ገባች። ጓዴ በልቡ «ተመስገን» አለ።

ቀጥሎ ደምሌ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ዘረጋ። ጣቶቹ ተጋጩ፤ አውራ ጣቱ በማይሆን ወገን ገባበት። ክንዱን አዙሮ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። ቀጥ ብሎ ቆመና ፊቱ ተለወጠ።

«ግራ ነው!»

«ምኑ?» አለ ጓዴ።

«እጁ ነዋ! ጓዴ፣ ጫማዬን ስትወስድ ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ በሕዝብ ፊት ግራ እጅ ትሰጠኛለህ?»

ጓዴ ወደ በሩ አየ። ከዚያ የራሱን ሁለት እጆች አየ። ሲቀርጽ መሮውን የያዘው በቀኙ ነው፤ ስለዚህ እያየ የቀረጸው የቀረውን እጁን፣ ግራውን ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ሲጨብጠው የኖረውም በዚያው በግራው ነው። አምላኬ ሆይ፣ አንተ ሁለት እጅ ስትሰጠኝ እኔ አንዱን ብቻ አየሁ፣ አለ በልቡ።

ሰው ተሰበሰበ።

«ነጋዴ ሆኖ ሰላምታ አያውቅም?»

«ሰርግ ቤት እንኳ አንድ ሰው በግራ ቢጨብጥህ ትበላለህ?»

«ምናልባት በቀኙ ጨርቅ እየለካ ይሆናል!» አለ አንዱ፤ ገበያው በሳቅ ፈነዳ።

የካሚል እናት እማማ ከሪማ በጓሮ በኩል ዞረው መጡና በሩን አይተው በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ። «ልጄ፣ በገዛ ደጅህ ለሰው ግራህን ትሰጣለህ? ምን አስተምሬህ ነበር?»

ካሚል አንገቱን ደፋ። «ጓዴ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ለጁምዓ ሳልሄድ ይነቀል።»

ጓዴ ካቻቢቴውን አወጣ። ሐረገ ወይን ካለችበት ፈቀቅ ብላ መጣች፤ አልሳቀችም። ይህ ከሳቋ ይልቅ አስጨነቀው። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ። የቀሩት ሁለት ነበሩ።

«ቆይ! ምን እያደረግህ ነው?»

ወርቅነህ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የወፍጮ ቀበቶ ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ ሰው እሱን ሰላም ለማለት ይቸገራል። አንዱ ትከሻውን ይይዛል፣ አንዱ ባዶ እጅጌውን ይጨብጥና ይደነግጣል፣ ብዙው ከሩቅ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ዛሬ ለልጁ ሰርግ ጨርቅ ሊገዛ ነው የመጣው።

ወርቅነህ በሩ ፊት ቆመና ግራ እጁን ዘረጋ። ጣት ከጣት፣ መዳፍ ከመዳፍ ልክክ አለ።

«እንዴት ሰነበትክ?» አለው በሩን። «ደህና ነህ? ቤተሰቡ ደህና? ከብቱ? አዝመራው እንዴት ይዟችኋል?» እጁን አለቀቀውም። «እኔማ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅ ልድር ነው። አንተም እንዳትቀር!»

ሰው መሳቅ ይሁን ማዘን ግራ ገባው። መጀመሪያ የሳቀው ወርቅነህ ራሱ ነው።

«ጓዴ፣ ካቻቢቴህን ወደዚያ አድርገው። በዚህ ገበያ ውስጥ እጄን የሚያውቅ አንድ ሰው ባገኝ እሱን ልትነቅል?»

«እንዴ ወርቅነህ፣ እኔ አላውቅህም?» አለ ደምሌ ተቆጥቶ።

«አንተማ ስታየኝ ባርኔጣህን ታነሣና መንገድ ትሻገራለህ!»

ደምሌ ባርኔጣውን ከግራ እጁ ወደ ቀኙ አዛወረና፣ እየተሽኮረመመ፣ ግራውን ለወርቅነህ ዘረጋ። «በል እንግዲህ። ላንተ ብቻ ነው ግን!»

ካሚል እናቱን አየ። እማማ ከሪማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እጁ ይቆይ» አሉ። «ነገር ግን ሌላው ሰው ደግሞ ምን በደለ? ያኛው ተካፋች ባዶ አይደል? ቀኙም ይሠራና ሰው የሚሆነውን ይጨብጥ።»

«እንዳልሽ እማዬ» አለ ካሚል፤ እጆቹም እንደ ገና መወናጨፍ ጀመሩ።

ጓዴ የፈታቸውን ብሎኖች መልሶ አጠበቀ። አንዱ ሁለት ጊዜ ወደቀበት፤ ጎንበስ ብላ ያነሣችለት ሐረገ ወይን ናት። ስለ ስልኩ አንዳችም አላለችም።

ችግሩ የቀኙ አሠራር ነበር። ጓዴ የራሱን ቀኝ እያየ በግራው ልቅረጽ ብሎ ቢሞክር የወጣው እጅ ሳይሆን ዝንጅብል ሆነ። ስለዚህ ሱቁ የካሚል ነውና ቀኙም የካሚል ይሁን ተባለ። ሰኞ ጠዋት ካሚል ጓዴ ቤት መጥቶ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አታንቀሳቅስ» አለ ጓዴ።

«አላንቀሳቅስም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፣ ትናንት አንዲት ሴትዮ መጥታ...» እጁ ተነሣች።

«ካሚል!»

«እሺ፣ እሺ። ዝም አልኩ።» ጓዴ መሮውን አነሣ። «ሴትዮዋ ግን የያዘችው በግ...» እጁ በጉን ልታሳይ ከነክንዷ ወጣች።

በመጨረሻ የእጁን አንጓ ከጠረጴዛው ጋር በነጠላ ቁራጭ አሰሩት። ካሚል ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ዝም ብሎ እንደ ታመመ ሰው ይተነፍስ ጀመር።

ሐረገ ወይን ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ መጣች። በርጩማ ስባ፣ የካሚልን እጅ ከወይራው፣ ወይራውን ከካሚል እጅ እያመሳከረች ተቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት ጓዴ።

«ቅረጽ ዝም ብለህ» አለችው። «አውራ ጣቱን እኔ እጠብቃለሁ።»