ዋናውና ካርቦኑ

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት። ጣቶቿ ሲንጣጡ የሰሙ ባልደረቦቿ «እትዬ መትረየስ» የሚል ስም አወጡላት፤ ጡረታ ስትወጣ ስሙም አብሯት ወጣ። ከሥሩ ቅጂ የሚያስቀር ካርቦን ሳታደርግ አንድ ገጽ መትታ አታውቅም። «ዋናው ቢጠፋ ካርቦኑ አለ፤ ካርቦኑ ቢጠፋ ዋናው አለ» ትል ነበር፣ አዲስ ጸሐፊ በተቀጠረ ቁጥር፣ ሳትጠየቅ።

ባለቤቷ አስተማሪ ነበር፤ ያውም ጨዋታ አዋቂ። ሐኪሞቹ ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉለት ድምፁ እንደማይተርፍ በነገሩት ሰሞን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታቸው ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ተረቱንም ቀልዱንም ቀዳ። ለልጅ ልጆቼ ነው ይበል እንጂ ግማሹ እሷን መነዝነዝ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ የምትፈልጊው መነጽር ግንባርሽ ላይ ነው» የሚል ሁሉ አለበት። ዛሬ የሚያወራት ደብተር ላይ እየጻፈ ነው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ድምፁን ይሰማሉ።

ኮምፒውተሩ ደግሞ አረጀ። ለመከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ተረቱ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። የኮምፒውተር ጠጋኙ «ዊንዶውሱ ከብዶታል፤ በእሱ ፈንታ በነፃ የሚገኝ ሊኑክስ ይጫንበት» አላት። የትኛው ሊኑክስ? ዓይነቱ ብዙ ነው። ወንድሟ ኡቡንቱ አለ። ጎረቤቷ መሐንዲስ ሌላ ስም ጠራላት፤ ሲጠራው ራሱም ተንተባተበ። ሦስት ሳምንት ስትጠይቅ ከርማ የባሰ ግራ ገባት። በመጨረሻ ጠጋኙ ገላገላት።

«ሚንት ይሁንልዎት እትዬ፤ ለጀማሪ አያስቸግርም። ሳይጭኑት ከፍላሽ ላይ ይሞክሩት፤ ባይወዱትም ኮምፒውተሩን አይነካውም። ፍላሽ አለዎት?»

ነበራት። የባሏን ድምፅ ሁሉ ትናንት ገልብጣበታለች፤ ያለ ካርቦን ሥራ የት ታውቅና።

«ሚንት ሲገለበጥበት ውስጡ ያለው ይጠፋል። ያስፈልግዎታል?» አላት።

«ዋናው ኮምፒውተሩ ላይ አለ» አለች፣ ኮራ ብላ።

ሚንት የተገለበጠበትን ፍላሽ ቤት ወስዳ ሞከረችው። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ መክፈቻው እንደ ለመደችው ከታች በግራ በኩል። ወደደችው። ልትጭነው ስትል ኮምፒውተሩ ጠየቃት፤ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል?

«ፍላሹ ላይ አለ» አለች ለራሷ። መታችው።

ምን ያደርጋል፣ ሥራውስ አማረ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተከፈተ። ፍላሹን ሰክታ የባሏን ድምፅ ፈለገች። የለም። ነቅላ ሰካችው። የለም። ለጠጋኙ ደወለች።

«እትዬ፣ ያስፈልግዎታል ወይ ብዬ ጠይቄዎት የለ? ኮምፒውተሩ ላይ አለ አሉኝ እኮ።»

«ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ ከዚያው ይክፈቱታ።»

ስልኩን ዘጋችው። ማንን ትውቀስ? ሁለቱም ጊዜ የመለሰችው እውነቷን ነበር። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

አሥር ሰዓት ሆነ። ባሏ ወንበሩን እየጎተተ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። አዲሱን ገጽ አየት አድርጎ ደብተሩ ላይ ጻፈላት፤ «ፈጠነ?»

«ፈጥኗል» አለችው።

ፈገግ አለ። ደብተሩን ዘግቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ለመስማት ተመቻቸ።