ወጌሻው ሲሰበር

ሰፈሩ «እጁ መድኃኒት» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወለቀ ሲመልስ፣ የተሰበረ ሲያስር ኖሯል። ስንቱን ጎረምሳ «አይዞህ፣ ቁንጥጫ ናት» እያለ አስጩኾታል! እሱ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መርፌ ፊት የሚቆም ልብ የለውም።

መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ አንሸራቶት የቀኝ እጁ አንጓ ሲሰበር፣ ሐኪም ቤት መሄድን እንደ ውርደት ቆጠረው። ሰው ምን ይላል? ሚስቱን ክርኑን አስይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ራሱ ጎተተው፤ በቀርከሃም አሰረው። በዘጠነኛው ቀን ጣቶቹ አብጠው አውራ ጣቱ አልታዘዝ ሲለው ጉራውን ሁሉ ውኃ በላው። አጥንት የሚያየው በዚያ ጣት ነው። ጣቱ ከሞተ ሙያውም አበቃለት። ሴት ልጁ እያጉረመረመች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

«ማነው ያሰረልዎት?» አለችው ወጣቷ ሐኪም፣ ፋሻውን ስትፈታ።

«አንድ... የሰፈር ሰው» አለ። ልጁ ገላመጠችው።

በማግስቱ ኦፕራሲዮን ክፍል አስተኙት። ብብቱ ስር ወግተው ያደነዘዙት ክንዱ የሌላ ሰው ክንድ መሰለው። እሱ ራሱ ግን ነቅቷል፤ የመሣሪያው ኳኳታ አንድ በአንድ ይሰማዋል።

«ሰፊ አድርገሽ ነው የምትከፍቺው፣ ልጄ?»

«ኧረ አይደለም አባባ። ሁለት ትንንሽ ቦታ ብቻ ነው የምቀደው። አንዲት ስስ ብረት በጡንቻው ስር አሾልኬ አስገባና በብሎን አጥንቱ ላይ አጠብቃታለሁ። ብቻ እንዳይንቀሳቀሱ።»

መጀመሪያ እጁን ጎተተች። አጎታተቷ እሱ ከሚያውቀው አይለይም። ልዩነቱ እሷ የምትጎትተው የራጅ ስክሪን እያየች መሆኑ ነው። «ያዩታል? አጥንቱ ወደ ኋላ ታጥፏል። እብጠት ስለሸፈነው በጣት አይገኝም። እንደታሰረ ቢገጥም ኖሮ ዕድሜ ልክዎን ፎጣ እንኳ መጭመቅ ያቅትዎት ነበር።»

ሠላሳ ዓመት የዳሰሰውን አጥንት በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቱ ትዝ አለችው። ልብሷን ሳትጨምቅ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ ነው የምታሰጣው። የዛሬ አራት ዓመት አንጓዋን ያሰረላት እሱ ነው። «አንቺ ሰነፍ፣ ግቢውን ኩሬ አደረግሽው እኮ!» እያለ ሲቀልድባት ኖሯል፤ እሷም አብራው ትስቃለች። አንድ ቀን እንኳ «እንዲህ ያደረግኸኝ አንተ ነህ» አላለችውም። እስካሁን የፈራው ለራሱ እጅ ነበር። አሁን የመጣበት ፍርሃት ሌላ ነው።

«አንዲት ጎረቤት አለችኝ» አለ። «ከተሰበረች አራት ዓመት ሆናት። የእሷስ ይቃናል?»

«ሳላያት እንዴት ብዬ? አንዳንዱ ይቃናል፣ አንዳንዱ እንደተጣመመ ይቀራል። ለመሆኑ እሷንም ያሰራት ያው የሰፈሩ ሰውዬ ነው?»

«አዎ» ብሎ መገላገል ይችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «የራሴንም ያሰርኩት እኔው ነኝ።»

ሐኪሟ ሥራዋን አላቋረጠችም። አንድ ብሎን አጠበቀች፤ ስክሪኑን አየች።

«ስንት ሰው አስረዋል?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሠላሳ ዓመት ነው የሠራሁት፣ ልጄ።»