የሸራ ሪፐብሊክ አንድ ድምፅ

ያ ምርጫ ምን እንዳስወጣኝ ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ። ከመደርደሪያዬ ሁሉ ውድ የነበረ አንድ ባለ ገበር መጋረጃ፤ ለምርቃት እየተቀደደ ያለቀ ግማሽ ጣቃ ጨርቅ፤ የአንድ ቅዳሜ ገበያ፤ በመጨረሻም የሰው ፊት አይቼ ልቡን አውቃለሁ የሚለው የኖረ እምነቴ። መጋረጃውን፣ ጨርቁንና ቅዳሜውን የኋላ ትርፍ መልሷቸዋል። አራተኛው ግን እንደወጣ ቀረ።

ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ገበያው ውስጥ፣ መጋረጃና ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። ከትምህርት ቤት ጋር በጊዜ ነው የተለያየነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ መናኸሪያ ነው። እዚያ ካገኘሁት እውቀት ዋናው ይሄ ነው፦ ደንበኛ በአፉ አይገዛም። ጨርቁን እያገላበጠ ሲያደንቅ የቆየ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል። "ይሄማ ምኑም አይረባ" እያለ ጫፉን ያልለቀቀው ግን ገዝቷል፤ የቀረው ዋጋ ብቻ ነው። እኔ ጫፍ ያልለቀቀ ጣት እያየሁ ልጆች አሳድጌያለሁ።

የኛ መደዳ ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። መጨረሻው ላይ፣ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ፣ ቆጮና ቡላ የሚሸጡ ሴቶች መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እነሱ ዘንድ ጣራ የሚባል ነገር አልነበረም። ፀሐይ ሲበረታ ቆጮው ይደርቃል፤ ሲዘንብ ይርሳል። በኮባ ቢጠቀለልም ኮባም አቅም አለው። የሁሉም ታላቅ የሆኑትን ሴትዮ እኔ "እማማ" እላቸዋለሁ። አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛን ከገበያ ለቅመውታል፤ "እርስዎ" የምትለዋን ግን ሳይለቅሙ አልፈዋታል። ከንቲባም ቢመጣ "አንተ" ነው። ያን ሰሞን ክረምቱ እየደረሰ ነበርና ለባለቤቴ ቁርጡን ነግረዋታል። ያለፈው ዝናብ ብዙ ቆጮ አበላሽቶባቸዋል፤ ዘንድሮም ያለ ጥላ ከሆነ ገበያ መውጣት ይተዋሉ። ገበያ ከተዉ ደግሞ የሚጠብቃቸው የልጅ እጅ ማየት ነው። ይህን ከሞት አብልጠው ይፈሩታል ብላ ነገረችኝ። እኔም "ያሳዝናል" ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ዋናው ምርጫ እየቀረበ ስለነበር፣ ሰው እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምሩ ሁለት ወጣቶች ወደ መደዳችን መጡ። አለቃዋ ልጅቷ ናት። ንግግር እንደማታበዛብንና መርጠን እንደምንማር ነገረችን። የሌለ ሀገር እንፈጥራለን፣ ፓርቲ እናቋቁማለን፣ እንቀሰቅሳለን፣ በሚመጣው ቅዳሜ ድምፅ እንሰጣለን። ሀገሩ የሌለ እንዲሆን የተፈለገው ባለው ሀገር ምክንያት እንዳንጣላ ነው። ከዚያ በላያችን ላይ የወጠሩትን ትልቅና አዲስ ሸራ እያሳየች፣ ሲሄዱ ለመደዳው ጥለውት እንደሚሄዱ ጨመረችበት። የት ይወጠር የሚለውን የሚወስነው ያሸነፈው ፓርቲ ነው።

እዚህ ላይ ጨዋታው አለቀ። ለሌለ ሀገር የሚጨነቅ ባይኖርም ሸራው ግን አለ።

የሀገሩ ስም ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። አንዱ ስም ሲያወጣ ሌላው የትውልድ ቀበሌዬ ነው እያለ ይነሳል። በስተመጨረሻ ሁላችንም ዓይናችንን ተክለን የነበረው ወደ ላይ ስለነበር፣ የሸራ ሪፐብሊክ ተባለ። ፓርቲዎቹ ሦስት ሆኑ። የኔ ምልክት መቀስ ነው፤ ሸራው ከሱቆቹ በራፍ በላይ ይወጠር፣ ደንበኛ በጥላው ቆም ብሎ ይገብይ ነው የምንለው። ሁለተኛው የጎረቤቴ የጫማ ነጋዴው ፓርቲ ነው፤ ምልክቱን መናገር አያስፈልግም። እሱ ሸራው ለሁሉም እኩል ተቆራርጦ ይከፋፈል አለ። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ለዶሮ ጃንጥላ እንደማይበቃ ብነግረው፣ እኩልነት በሜትር አይለካም ብሎ መለሰልኝ። ሦስተኛው የሴቶቹ ነው፤ ምልክቱ የእንሰት ቅጠል። የነሱን ዓላማ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ዓላማቸው ከሰማይ ይወርድባቸዋል።

እኔ ቅስቀሳዬን በማውቀው መንገድ ጀመርኩ። በኛ ገበያ አራት ሜትር ለገዛ ሰው ከላይ ትንሽ ቀድደን እንጨምርለታለን፤ ምርቃት ይባላል። ምርቃት የለመደ ደንበኛ ሌላ ሱቅ አይገባም። እንግዲህ ያን ሳምንት ገዛም አልገዛም፣ ወደ ሱቄ ብቅ ላለ የመደዳው ሰው ሁሉ መረቅሁ። ለአንዱ የትራስ ልብስ፣ ለሌላው የጠረጴዛ ጨርቅ። ሁሉም በእግዜር ስም እየማለ ለመቀስ ቃል ገባ። ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ከሴቶቹ በቁጥር እጥፍ ነው። በጣቴ ስቆጥር ሁልጊዜ አሸንፋለሁ።

እማማም ለልጅ ልጃቸው የቀሚስ ጨርቅ ሊገዙ መጡ። ደህና አድርጌ መረቅኋቸውና መቀስን እንዳይረሱ ነገርኳቸው። ቀልዴን ነበር።

"ምርቃቱን ተቀበልኩ" አሉ ጨርቁን እያጠፉ። "እኔ የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም።"

ወግ ነው ብዬ ሳቅሁ። ጥላ ፈላጊ ሴትዮ ለመቀስ ሊመርጡ!

አርብ ዕለት ልጅቷ ድምፅ የሚሰጥበትን ጥግ ስታዘጋጅ መጋረጃ ፈለገች። ለሀገር አንድ መጋረጃ ምን አላት ብዬ በነፃ አቀረብኩ። ያቀረብኩት ስሱን ነው፤ ቁርስ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚበላ ከውጭ የሚያሳየውን ዓይነት። ወረቀቱ ላይ መቀስ በግራ ጫፍ፣ ቅጠል በቀኝ ጫፍ ነው የተሳሉት። የመራጩን የክርን ጥላ ካየሁ ምርቃቴን ማን እንደበላ አውቃለሁ።

ጫማ ነጋዴው ግን መጋረጃ የሚባለውን ነገር ከሥሩ ተቃወመ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጸሎት የሚመራ ሰው ነው፤ ድምፁ ይሰማል። በሲዳማ ወግ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ፊቱን ሳይሸፍን ነው ሐሳቡን የሚሰጠው አለ፤ ሐላሌ፣ ማለትም እውነት፣ ጨርቅ አትለብስም። መጋረጃ የሚፈልግ የሚደብቀው ያለው ነው። እኔም በሌላ ምክንያት ደገፍኩት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

እማማ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ተናገሩ።

"ዛፉ ሥር የተቀመጡት እነማን ናቸው? እኔ ተቀምጬ አላውቅም። ጥላውን ከሩቅ ነው የማየው።"

ከዚያ ተነስተው ወደኔ መጋረጃ ሄዱ። ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሱት።

"ይሄ መጋረጃ ነው? ይሄ የዓሣ መረብ ነው። አንተ፣ ማንን ልታጠምድ ነው?"

መደዳው በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ገብቼ ባለ ገበሩን ወፍራም አወጣሁ። ሆቴል ያዘዘውና ሐሳቡን የቀየረበት ነው፤ ፀሐይ አያሳልፍም።

ቅዳሜ ሱቆቹ ተዘጉ። መጻፍ የማይችል እንዳያፍር ሁሉም በአውራ ጣቱ እንዲያትም ተወሰነ፤ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የማኅተም ቀለም ተቀመጠ። ተሰለፍን። ከፊቴ ያሉት ሲገቡ ሲወጡ ይቀላለዳሉ፤ አንዱ ሲወጣ "አገባኸው?" ይሉታል፣ ሌላዋ ስትገባ "እንዳትተኚ!" ይሏታል። የእማማ ተራ ደረሰ። ገቡ፤ መጋረጃው ተዘጋ። ቆዩ።

ያኔ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀልዱ ቀስ በቀስ ሞተ። የባጃጅ ጥሩምባ ከዋናው መንገድ ይሰማል፤ ጣራ ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ግዙፍ የሐይቅ ወፍ፣ ቆሟል፤ ከዚያ ውጭ ሰው ሁሉ የሚያየው ያንን ጨርቅ ነው። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን በሰው ፊት የኖሩ ናቸው። ሲሸጡ ይታያሉ፣ ሲከስሩ ይታያሉ፣ ምሳቸውን ሲበሉ መንገደኛ ያያቸዋል፣ ቀትር ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው እንኳ መንገድ ዳር ነው። አሁን ግን በከተማው መሃል አንድ ክፍል አላቸው፤ ማንም አይገባበትም። ፖሊስ አይገባም፣ ቄስም ፓስተርም አይገባም፣ ባል ቢኖርም አይገባም። ግድግዳው የኔ ጨርቅ ነው። ስንት ሳሎን፣ ስንት መኝታ ቤት አልብሻለሁ፤ መጋረጃ ምን እንደሚሠራ ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

ወጡ። ዓይኔን ፊታቸው ላይ ተከልኩ፤ ሥራዬ ነዋ። ምንም የለም። ፊታቸው ልክ እንደ ሌላው ጊዜ ነበር፤ ልክ እንደኔ ባለ ገበር መጋረጃ። ከሳቸው በኋላ የወጡትንም እየተከታተልኩ አየሁ፤ የአንዱን እንኳ ማንበብ አቃተኝ። ባለቤቴም ወጣች። ከእሷ ጋር አንድ ትራስ ስንካፈል ኖረናል፤ በአጠገቤ እንደ እንግዳ ሰው አለፈች።

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ አዲስ ጨርቅና ቀለም ይሸታል። ወረቀቴን ዘረጋሁ፣ አውራ ጣቴን ነከርኩ። መቀስን ለመምረጥ ነው የገባሁት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ግን ጣቴን ወደ ወረቀቱ ሳወርድ፣ የሚያየኝ ሰው እንደሌለ ታወቀኝ። ለነጋዴ ይህ ከባድ ነገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የምናገረው ለሚሰማኝ፣ ፊቴን የማጠቁረውም የማበራውም ለሚያየኝ ነው። እዚያ ውስጥ የማሳምነው ደንበኛ የለም፤ የምደብቀው ዋጋ የለም። ለማን ብዬ ነው የምዋሸው? ስመለከት ጣቴ ቀኝ ጫፍ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ አርፏል። አላነሳሁትም። የሌላውን ጣት ሳነብ ኖሬ የራሴን ያነበብኩት ያኔ ነው።

ቆጠራው በሁሉም ፊት ሆነ። ልጅቷ ወረቀቱን እየከፈተች ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ቅጠል። ቅጠል። ጫማ። ቅጠል። መጀመሪያ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቅጠሉ ከነሱ ቁጥር ሲያልፍ ግን እልልታውን ትተው በጣታቸው መቁጠር ያዙ። ከዚያ በላይ ያለው ከሱቅ የመጣ መሆኑን ሁሉም አወቀ፤ ማን እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። ነጋዴ ሁሉ ጎረቤቱን ያያል፣ ጎረቤቱም እሱን ያየዋል። ሣጥኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ወረቀት ተነሳ፤ መቀስ። ከዚያ በኋላ ሌላ መቀስ አልመጣም።

"አይዞህ" አለኝ ጫማ ነጋዴው ትከሻዬን መታ አድርጎ። "ቢያንስ አንተ ራስህን አልከዳህም።"

መደዳው በሙሉ ሳቀብኝ፤ አብሬ ሳቅሁ። ምን ልበል? ያቺ ድምፅ የኔ አይደለችም ብል የራሴን ምስጢር ማውጣቴ ነው። ደግሞስ ማን ያምነኛል?

ሸራው በማግስቱ ከሴቶቹ በላይ ተወጠረ። አንዱ ገመድ የሚታሰርበት ምሰሶ ከሱቄ ጥግ ነበርና እኔው አሰርኩት። ሰኞ ዕለት ወደ ሱቄ የገባ የመደዳው ሰው ሁሉ ለመቀስ መምረጡን በጆሮዬ እየነገረኝ ወጣ። የነገሩኝ እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ ሪፐብሊክ አይበቃኝም ነበር። ባለቤቴን ስጠይቃት እስከ ዛሬ ያልገባኝን ሳቅ ሳቀችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲጠና ሸራው ሥር ገብቼ ከእማማ አጠገብ ቆምኩ። ውሃው በዳር በዳሩ ይወርዳል፤ ቆጮው ደረቅ ነው። ያቺ ወጪት የምትለዋ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም ነበር። ይህ ጥላ የሳቸው እንጀራ ነው፤ ግን ቃል ገብተው ነበር። ሴትዮዋ ለቃላቸው ብለው በገዛ ጥላቸው ላይ አትመው ይሆን? ዝቅ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ "እማማ፣ ያቺ አንዷ መቀስ የእርስዎ ነበረች?"

ቢላቸውን ቆጮው ላይ ጋደም አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ መጋረጃ ሻጭ አይደለህም እንዴ? ታዲያ ምነው ገልጦ ማየት ትወዳለህ?"

ከዚያ ለሌላ ደንበኛ መቁረጥ ቀጠሉ። ለኔም አንድ ቁራጭ ጨመሩልኝ፤ ሳልገዛ።

መጋረጃውን ልጅቷ አጥፋ መልሳልኛለች። በውስጥ በኩል፣ በወገብ ከፍታ ላይ፣ የመደዳው ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን ጠርጎበታል። አንዱ ባንዱ ላይ ስለተደራረበ የማን የማን እንደሆነ አይለይም። አልታጠበም፤ አይሸጥም፤ ሱቁ ውስጥ ከጓዳው በር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ የጣቶቹን አሻራ ወደ ውስጥ አዙሬ። ደንበኛ ዋጋውን ሲጠይቀኝ ተይዟል እላለሁ።

ወጪው ከላይ ተጽፏል። ገቢ፦ አንድ ድምፅ፤ የኔ አይደለም።