ከቆዳው ሥር ያገኘሁት ቃል

አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ለማወቅ የከፈልኩት ዘጠነኛ ክፍልን፣ የአባቴን የቆዳ ንግድና ሥጋ የመብላት ፍላጎቴን ነው። ቃሏንም ቢሆን እኔ አልመረጥኳትም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው የአረፋ ማግስት ነው። ወልድያ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ቦይ ውስጥ የበሬ ቆዳ ተጥሎ አደረ። ዛሬ ቆዳ የሚገዛ ጠፍቷል። ድሮ ሰው በሬው ሳይታረድ ቀብድ ይሰጥበት የነበረውን ነገር አሁን ከቆሻሻ ጋር ይወረውሩታል። ፀሐይ ሲበረታ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቆዳው ሳይሆን ውስጡ ያለው። የልጄ ልጅ ሀያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አፍንጫዋን በሻርፗ አፍና ቆመች።

«ውይ አባባ! ይኼ የሚርመሰመሰው ምንድን ነው?»

«ማጎት» አልኳት።

«ምን?»

«ማጎት። የዝንብ ትል። እንግሊዝኛ ነው።»

ሻርፗን ከአፍንጫዋ ለቀቀችው። «አንተ ደግሞ እንግሊዝኛ ከየት አመጣህ?»

«ከአባቴ ቤት» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ያኔ መርሳ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ጢሜ አቆጥቁጧል፤ ያኔ ጢም ማቆጥቆጥ ከትምህርት ቤት አያስቀርም ነበር። አባቴ የቆዳና ሌጦ ነጋዴ ነው። መጋዘኑ ከመኝታችን ጀርባ ስለነበር ሽታውን እኔ አላውቀውም፤ ያወቅኩት ሰው አጠገቤ መቀመጥ ሲተው ነው። ፈተናውን ካለፍኩ ወልድያ ቤት ተከራይቶልኝ ዘጠነኛ ክፍል እንደምገባ አባቴ ቃል ገብቶልኛል። ኪራዩ የሚወጣው ደግሞ ከአረፋ ቆዳ ነው። ከውርጌሳ እስከ ሐራ ያለው ገበሬ ያረደውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ጨው ነስንሶ፣ እየደራረበ ከምሮ የኮምቦልቻውን ገዥ ይጠብቃል።

በዚያ ዓመት ጨው ተወደደ። አባቴ አንድ ምሽት ከክምሩ አጠገብ አቁሞ አሠራሩን አሳየኝ። «ለላዩ እጅህን ዘርጋ፣ ለሥሩ ጨበጥ አድርግ። ገዥ የሚያነሳው የላዩን ነው» አለኝ። የንግድ ትምህርቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። አባቴን ላጸድቀው አልፈልግም። ስግብግብነት ነው፤ ያውም የሚሸት ስግብግብነት።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር መኮንን የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነበር። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ በመርሳ አቧራ ውስጥ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደሚውል እስካሁን አልገባኝም። በሳምንት በሳምንት ከአንድ የመርከበኞች ታሪክ ገጽ አባዝቶ ይሰጠናል። ከገጹ አዲስ ቃል ለእያንዳንዳችን ያድለናል። ቤታችን አንብበን መምጣት ብቻ አይበቃም፤ ቃሉ የሚጠራውን ዕቃ ወደ ክፍል ይዘን መጥተን፣ የት እንዳገኘነው በእንግሊዝኛ መናገር አለብን። «በዓይን የታየ ቃል አይረሳም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይኸው አልረሳሁም።

ባሕር አይተን የማናውቅ የሐብሩ ወረዳ ልጆች የመርከብ ዕቃ ስንፈልግ ከረምን። ገመድ የደረሰው ልጅ የአህያ መጫኛ ይዞ መጣ። መልሕቅ የደረሰው የአባቱን ዶማ ተሸክሞ መጥቶ ተሳቀበት። ብስኩት የደረሳት ልጅ ከሱቅ ገዝታ አመጣች፤ ትምህርቱ ሳያልቅ በላንባት። የመርከበኞቹ ብስኩት ግን በታሪኩ ውስጥ ተበላሽቶ ነበርና በላዩ ላይ የነበረው ነገር ለእኔ ደረሰ።

«ቲቸር፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ትል ነው። ከተበላሸ ነገር ላይ የሚወጣ።» ሲናገር ራሱ ፊቱን አጨማደደ።

«ሌላ ቢሰጡኝስ?»

«ቃል አይመረጥም። ሰኞ ይዘህ ና።»

እሑድ ከሰዓት ቤት ሰው አልነበረም። የት እንደማገኘው ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጨው ያነሰበትን ቦታ አውቀዋለሁ። የላዮቹን ቆዳዎች ገልጬ እጄን ወደ ሥር ሰደድኩ። ቆዳው ሞቃት ነበር። ከሞተ የሰነበተ ነገር እንዴት እንደሚሞቅ የነካው ያውቃል። ስገልጠው እንደተቀቀለ ሩዝ ያለ ነገር ፈሰሰ፤ ሩዙ ግን ይሳባል። በማንኪያ ወደ ቲማቲም ጣሳ ጨለፍኩ። ማንኪያውን ወደ ሦስተኛው ጎረቤት ጓሮ ወረወርኩት። እናቴ ለወራት ፈለገችው።

ሰኞ መርሳ ገበያ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ በሬው ያገሳል፤ ፓፓያና ማንጎ የጫኑ አህዮች ይተራመሳሉ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩ። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ቁርሷን መለሰችው። ቲቸር መኮንን በመሐረብ አፉን ይዞ፣ በሌላው እጁ ቀጥል አለኝ። አጥንቼው ስለነበር ሳላንገራግር በእንግሊዝኛ ተናገርኩት፦ በአባቴ መጋዘን ውስጥ ትሎች አገኘሁ።

«ኤክሰለንት!» አለ። አስተማሪ አድንቆኝ አያውቅም ነበር፤ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ክፍሉ ዞረና «ሁላችሁም!» አለ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ፣ በዜማ፣ ደግሞ ደጋግሞ በአባቱ መጋዘን ውስጥ ትሎች አገኘ እያለ ጮኸ። ከአጥር ውጭ ያለው ገበያ እንግሊዝኛ ስለማይችል ምንም አልሆነም። ክፍሉ ውስጥ ግን ይመር ነበር፤ የሌላው ቆዳ ነጋዴ ልጅ። ይመር በእንግሊዝኛ ከሁላችን ደካማው ነው። ያን ዓረፍተ ነገር ግን አጥርቶ ሰማው፣ አጥርቶም ለአባቱ ተረጎመው።

ከሰዓት የኮምቦልቻው ገዥ ሐጂ ከነመኪናው መጋዘናችን በር ላይ ቆመ። ሌላ ጊዜ የላዮቹን ሁለት ሦስት ቆዳዎች ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ማሻአላህ» ብሎ ያስጭናል። በዚያ ቀን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«አያ ሙሄ፣ ዛሬ ከሥር ጀምርልኝ» አለው አባቴን።

«ኧረ ሐጂ! በእኔና በእርስዎ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ገብቶ ያውቃል?»

«ወላሂ አልገባም። ግን ልጆቹ በትምህርት ቤት ሲዘምሩት ዋሉ አሉኝ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ብለው ነው የዘመሩት?»

ምን ልበለው? ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ለአባቴ አስተረጎምኩ።

ሮጬ ወደ ቲቸር መኮንን ሄድኩ። ለልምምድ ያህል የተባለ ነው ብሎ ለሐጂው እንዲያስረዳልኝ ለመንኩት። ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሸሚዙን ተመለከተ፣ ከዚያም እኔን። «ዓረፍተ ነገሩ እኮ ትክክል ነው» አለኝ። «ለዚያውም አሥር ከአሥር ሰጥቼሃለሁ። ቆዳ ቤት ደግሞ አልገባም፣ ሽታው አይወጣልኝም።» በሩን ዘጋ። እኔ ከትሉ ይልቅ የተጸየፍኩት ያን በር ነው።

ስመለስ ነገሩ አልቋል። ሐጂው ከሥር ያለውን አይቶ ምራቁን ተፍቷል። ትሉ ያልነካውን የላዩንም «የተጠረጠረ ነው» ብሎ በውርደት ዋጋ ጭኖ ሄዷል። እሱንም አላጸድቀውም፤ ቢጸየፈው ኖሮ አይጭነውም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከኮምቦልቻ የሚመጣ መኪና የሚቆመው ይመር ቤት በር ላይ ሆነ።

የቀረውን እኔና አባቴ ወደ ወንዙ ጎተትነው። አልመታኝም። መንገድ ላይ አንዴ ብቻ አፉን ከፈተ። «ቋንቋ ተማር ብዬ ላክሁህ እንጂ፣ ቤቴን ተርጉምልኝ አልኩህ?» አለኝ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ እጄን ግን ወደ ፊቴ ማስጠጋት አልቻልኩም። በዚያ ሳምንት እናቴ የአረፋውን ቋንጣ ስትጠብስ ከቤት ወጣሁ። እስካሁንም እወጣለሁ። ሠርግ ቤት ሹሮ የምለምን ነጋዴ እኔ ብቻ ነኝ።

ፈተናውን አለፍኩ። ስሜ ከግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ የወልድያው ቤት ግን ያለ ቆዳ የሚከራይ አልነበረም። ይመር ሄደ። እኔ መናኸሪያ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ፤ ሰው ምን እንደሚደብቅና የት እንደሚደብቅ ከዚያ ተማርኩ። ኋላ ወልድያ የገባሁት በጨው ነጋዴነት ነው። በደህና ነገድኩበት፤ ለማንም ግን ለሥሩ ጨበጥ አድርግ ብዬ አላውቅም። ከጽድቅ አይደለም፤ ሽታው ነው።

ሀያት ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ደብተሯን አወጣች። «አባባ፣ እኛም መጽሐፍ ተሰጥቶን አዲስ ቃል ይዛችሁ ኑ ተብለናል። ይኼን ልጻፈው?»

«ጻፊው» አልኳት። «የት እንዳገኘሽው ከጠየቁሽ ግን መንገድ ላይ በያቸው።»

ከዚያ አካፋ ይዤ ወጣሁ፤ ማዘጋጃ ቤት እስኪመጣ ብንጠብቅ ቆዳው ራሱ በእግሩ ይሄድ ነበር። ጨው ነስንሼበት ቀበርኩት።

ገቢ፣ አንድ ቃል። ወጪ፣ ትምህርቴ፣ የአባቴ ንግድና ሥጋ። ተመላሽ የለም።