የሰብለ ቀኝ ክንድ

ባለፈው ማክሰኞ ጆሃንስበርግ ጀፕ የሚባለው የገበያ ሰፈር ያለውን የአባታችንን ሱቅ መጋዘን ሳጸዳ ከአሮጌ ብርድ ልብሶች ሥር አንድ የቆዳ ጓንት አገኘሁ። ጓንት ስል ለብርድ የሚደረገውን ማለቴ አይደለም፤ እንደ ትንሽ ሰፌድ የተንጣለለ፣ ኳስ የሚቀለብበት ነው። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የቆዳው ጠረን፣ የሜዳው ቀይ አፈርና ታናሽ እህቴ ሰብለ ትከሻዋን ትታሽበት የነበረው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ቅባት አንድ ላይ መጡብኝ። እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጆች ሳለን ሱቃችን እንደ ዛሬው ምድር ቤት፣ መጋዘናችን ሁለተኛ ፎቅ ነበረ፤ ሕንፃው መሐሉ ክፍት ሆኖ ዙሪያውን ባለ ብረት መደገፊያ መተላለፊያ አለው፤ አሳንሰሩ ግን እኛ ጆሃንስበርግ ከመግባታችን በፊት ሞቶ ተቀብሯል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሥራችን በደርዘን በደርዘን የታሰረ ካልሲ ወደ መጋዘን ማውጣት ነበር። እኔ ታላቅም ሰነፍም ስለነበርኩ ላይ ሆኜ እቀልባለሁ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ሰብለ ደግሞ፣ ከራሷ በላይ የተንጠለጠሉት ቦርሳዎችና ሹራቦች እጅ ስለማያስነሱ፣ ክንዷን ወደ ኋላ ወስዳ በጉልበቷ አጠገብ አሳልፋ ከታች ወደ ላይ ታሽቀነጥረዋለች። «ያዢ!» ትላለች፣ እስሩ መዳፌ ላይ ያርፋል። ከሶዌቶ ዕቃ ሊገዙ የመጡ እናቶች በዙሉኛ «ሃይቦ!» እያሉ በመገረም ያጨበጭቡላት፣ ጎረቤት ነጋዴዎችም ትስታለች አትስትም እያሉ በለስላሳ ይወራረዱባት ነበር፤ ትስታለች ያለ ሁሉ ለስላሳውን እየገዛ ይሄዳል።

ያን ክንድ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ አንዲት የስፖርት መምህር አዩትና ሶፍትቦል አስጀመሯት። ጨዋታው አንዷ ኳሱን በእጇ ከታች ወደ ፊት ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ ልትመታው ትሞክራለች፤ አባባ መጀመሪያ ሲያይ «ገና ጨዋታን ነጮቹ ወሰዱት እንዴ?» ብሎ ነበር። ሰብለ ክንዷን ሙሉ ዙር አዙራ ስትለቀው ኳሱን ዓይን አይከተለውም። አንድ ኮሌጅ እስከተጫወተችለት ድረስ የትምህርት ወጪዋን ሊችል ተቀበላት፤ እኔ ያኔ ትምህርቴን ትቼ ሱቁን ይዤ ስለነበር ከቤታችን የሚማር ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ጭምር ነበር የምትማረው። በመጀመሪያ ዓመቷ የቡድኑ ዋና ወርዋሪ ሆነች፤ በሁለተኛው ፎቶዋ የኮሌጁ ጋዜጣ ላይ ወጣና አባባ ቆርጦ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ለጠፈው። ሜዳ ይዘነው ስንሄድ ግን መቺዋ ስትስት መጨብጨባችን ፈጽሞ አልዋጥለት አለ፤ «የሰው ልጅ ሳተች ተብሎ ይጨበጨባል? ነውር ነው!» እያለ እጃችንን ይይዘን ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ትከሻዋ ያማት ጀመር። የቡድኑ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ውስጡ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ስድስት ሳምንት አሳርፊው አለቻት፤ ዋናው ውድድር ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር፣ ከውጭ አገር ቡድን የሚመጡ መልማዮችም እሷን ሊያዩ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀበቶ የሚሸጡ ጋሽ ታደለ የሚባሉ ወጌሻ ነበሩ። እጃቸው የተባረከ ነው፤ የእኔን ቁርጭምጭሚት ጠዋት አሽተውት ማታ ሠርግ ላይ ጨፍሬበታለሁ።

እሳቸው ጋ እንሂድ ስላት «እታለም፣ አትንኪው ብላኛለች እኮ» አለችኝ ሰብለ።

«ፈረንጅ ስለ ወለምታ ምን ያውቃል? እኔ እይዝሻለሁ» አልኳት። እኔ ስላልኩ መጣች።

ጋሽ ታደለ ዘይት አሙቀው ትከሻዋን ዳሰሱ፣ ደግመው ዳሰሱ፣ እጃቸውንም አነሱ። «ልጄ፣ ይሄ ወለምታ አይመስለኝም» አሉ። ያን ጊዜ ተነስተን መሄድ ነበረብን። እኔ ግን «ግድ የለም ጋሽዬ፣ አንዴ ይጎትቱት፣ ውድድር አለባት» ብዬ ለመንኳቸው፤ ወገቧንም አቅፌ ያዝኳት። ሲጎትቱት አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሰብለ አልጮኸችም፤ ዞር ብላ እኔን ብቻ አየችኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ የፈሰሰውን እንኳ የምንለቅምበት አላገኘንም። የቀዶ ሕክምና ወረፋው ሁለት ዓመት ፈጀ፣ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላት በኋላም ክንዷ ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ፤ ኮሌጁም እንደ ውሉ ወጪዋን ማቆሙን በደብዳቤ አሳወቃትና ትምህርቱን ከሦስተኛ ዓመት ጣለችው። ጋሽ ታደለ ከዚያ ወዲያ ሰው አሽተው አያውቁም። አባባ የጋዜጣውን ፎቶ አላነሳውም፣ ግን ሲጸልይ ፊቱን ወደ ሌላው ግድግዳ ማዞር ጀመረ፤ እንደዚያው እንዳዞረ ሞተ። ሰብለ አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ከባሏ ጋር ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላት፤ በየማክሰኞው ዕቃ ልትወስድ ወደ እኔ ትመጣለች። ጓንቱን ባገኘሁበት ቀንም መጣች። ድምፅዋን ስሰማ ሳላስበው ጓንቱን እንዳጠለቅሁ ወጥቼ መደገፊያው ላይ ቆምኩ። ታች፣ እዚያው ድሮ የምትቆምበት ቦታ፣ ቁጥሩ ለደንበኞቼ አልሆነም ብላ የመለሰችውን የካልሲ እስር ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። ጓንቱንም አየችው። ቀኝ ክንዷ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ቀስ ብሎም ተመለሰ። እስሩን ወደ ግራ እጇ አዛውራ ወደ ደረጃው ሄደች።

ደረጃው ረጅም ነው፤ እርምጃዋን አንድ በአንድ ሰማሁት። አጠገቤ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። እስሩን ጓንቱ ውስጥ አስቀመጠችልኝና «ያዢ» አለችኝ።

በልጅነታችን ሰብለ ወርውራልኝ አንድም እስር አምልጦኝ አያውቅም፤ ይሄኛው እጄ ላይ እንዳለ ወደቀብኝ።